መምሬን በፊሽካ ያስቆምኩ ዕለት

ዛሬ አንድ ቄስ ላይ ፊሽካ ነፋሁ።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ቄስ! ጃንጥላ የያዙ፣ መስቀል የያዙ፣ መንገዳቸውን በሰላም የሚሄዱ ቄስ። ፊት ለፊታቸው። ጲጲጲጲ!

እስኪ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። አንኮበር ላይ ያላየ የለም፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ነገ ከቅዳሴ መልስ ትሰማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤታችን የሴቶች ባስኬት ቦል ቡድን ስኮር ጸሐፊ ነበርኩ። ጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ብርድ። የደብረ ብርሃንን ንፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጣቴ ጠመኔውን ይያዝ ጠመኔው ጣቴን ይያዝ አይለይም።

ባለፈው ሳምንት የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ ጉልበታቸውን አመማቸው። ሮጠው መዳኘት አልቻሉም። ጠሩኝ።

«ሶሊ፣ ቅዳሜ አንኮበር ላይ አንቺ ትዳኛለሽ» አሉኝ። «በደንብ ከያዝሽው የዘንድሮውን የሴቶች ጨዋታ በሙሉ ፊሽካው ያንቺ ነው። ካበላሸሽው ወደ ጠመኔሽ።»

ፊሽካው የኔ! አስቡት!

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም። የሕግ መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። መስታወት ፊት ቆሜ የእጅ ምልክቶቹን ተለማመድኩ። እማዬ በሩን ከፍታ ስታየኝ ሁለት እጄን እያሽከረከርኩ ነበር። (ይሄ ስቴፕ ነው፤ ኳስ ይዞ የተራመደ ይቀጣበታል።) በሩን ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ማለት ዛሬ።

ሚኒባሷ አንኮበር ስትደርስ ጉም ነበር። ሜዳው ተራራው ጫፍ ላይ የተሠራ ሲሚንቶ ነው፣ አጥር የለውም። በአንድ በኩል ትምህርት ቤቱ፣ በሌላ በኩል… ገደል ልል ነበር፣ ቁልቁለት እንበለው፣ እማዬም ልታነበው ትችላለች። ከታች ቆላው አለ። ጉሙ ከዚያ ይነሳል። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቅርጫቱን ይሸፍነዋል፣ ትንሽ ይቆይና ይመልሰዋል።

እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ሳይ እጠፋለሁ። ይሄንን ያዙልኝ።

የአንኮበሩ የስፖርት መምህር ሰዓት ለመያዝ ተቀመጡ። «ዳኛዋ የናንተው ልጅ ናት፤ ግን ምን ቸገረን? ሕጉ አንድ ነው» አሉ።

እኔም በሆዴ፦ አንድ ነው! ያውም በቃሌ!

ጨዋታው ተጀመረ።

ነፋሁ።

ተጀመረ።

ነፋሁ።

ስቴፕ! ነፋሁ። ቅርጫቱ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም! ነፋሁ። ማልያዋ ከቁምጣዋ የወጣ ልጅ! ነፋሁ፣ አስከተትኳት። ኳስ ወደ ውስጥ የምትወረውረዋ ልጅ ጫማ መስመሩን በአውራ ጣት ጫፍ ነካ! ነፋኋ! ምን ላድርግ? መጽሐፉ ላይ አለ!

ቅርጫት የገባ ኳስ ሳይኖር ፊሽካዬ ብቻውን ጨዋታውን ይመራ ነበር።

ዳር ከቆሙት ውስጥ ካፖርት የደረቡ አንድ አባት ጎናቸው ያለውን ሰው ሲጠይቁ ሰማኋቸው።

«ይቺ ልጅ ምንድነው የሚያማት?»

ሌላው ደግሞ ጮክ ብሎ፦ «ኧረ ባካችሁ ትተንፍስ! በአፍንጫዋም አየር አላስገባችም!»

የኛው ካፒቴን መክሊት፣ አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጠው፣ የቤት ሥራ ከኔ የምትገለብጠው መክሊት፣ አጠገቤ ስታልፍ በጥርሷ መሃል «ሶሊዬ፣ ወይ ኳሱን እንጫወት ወይ ፊሽካውን እናዳምጥ፤ አንዱን ምረጪ» አለችኝ።

ሳቅኩ መሰላችሁ? በሷም ላይ ነፋሁ። ዳኛን መናገር ክልክል ነው!

እረፍት ላይ ቲቸር ግርማ እያነከሱ መጡ።

«ሶሊ፣ መነካካት ሁሉ ፋውል አይደለም። ከመንፋትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። ማን ተጎዳ? ማን ያለ አግባብ ተጠቀመ? ማንም ካልሆነ፣ ዝም። ልቀቂያቸው ይጫወቱ።»

ወይ መገላገል! ልቀቂያቸው! ይሄማ ደስ ይላል!

ለቀቅኳቸው።

እንዴት ለቀቅኳቸው መሰላችሁ! ጨዋታው መጀመሪያ ላይ አማረ። ኳሷ ከእጅ እጅ፣ ከእጅ እጅ፣ ጉሙ ውስጥ ገብታ በሌላ በኩል ስትወጣ፣ እኔም ዳር ዳሩን እየሮጥኩ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ። በሕይወቴ እንደዛ ቆንጆ ነገር አላየሁም።

አምስት ደቂቃ ቆየ።

ከዚያ ትግል ሆነ።

መክሊት የአንኮበሯን ሰባት ቁጥር ማልያ ጨብጣ ትከተላታለች፤ ጨርቁ ስንት ነው ብላ የምትከራከር ገበያተኛ ነው የምትመስለው። ሰባት ቁጥሯ እታገኝ ትባላለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የቡድኑ ነፍስ። ክርን ይወረወራል፣ ጉልበት ይወረወራል። እኔም «ማን ተጎዳ?» እያልኩ አስባለሁ። ሁሉም ተጎድተዋል! ታዲያ በሁሉም ሊነፋ ነው? ወይስ ሁሉም ከተጎዳ እኩል ነው?

በመሃል እታገኝ ተገፍታ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ጧ!

ፊሽካው አፌ ውስጥ ነው። መንፋት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

እኔ ግን ፊሽካውን ተፋሁትና፣ በሙሉ ድምፄ፦

«እኔን!»

ከዚያ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

«ዳኛዋ እኔን አለች!»

«እናቴ፣ እኔን ማለቱ ይቅርና ፋውል በይላት!»

ምን ይደረግ፣ እናንተስ ሰው ሲወድቅ ምን ትላላችሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ የሚያውቀው እሱን ነው። ሄጄም አነሳኋት። አቧራዋን አራገፍኩላት። ዳኛ እኮ ነኝ! እታገኝም እየሳቀች «ተዪው፣ ደህና ነኝ» ብላ እኔን አጽናናችኝ።

ፋውሉን በኋላ ነፋሁት። ዘግይቶ፣ አፍሮ፣ ትንሽ ጲ ብሎ።

ቲቸር ግርማ ከዳር ሆነው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሲሸፍኑ አየሁ። ፊሽካዬ ከአንገቴ ሲርቅ ታየኝ። ጠመኔው ሲጠራኝ ተሰማኝ። እና ለራሴ ማልኩ፦ ከአሁን በኋላ መጽሐፉ፣ መጽሐፉ ብቻ!

አሁን ወደ ጉዱ።

የመጨረሻው ደቂቃ። እኛ በአንድ ነጥብ እንመራለን። ጉሙ እንደገና ወጣ። የዛሬው ጉም ግን… እንዴት ልበላችሁ። መጀመሪያ የቁልቁለቱን ዛፎች ወሰደ። ከዚያ የቆሙትን ሰዎች እግር ወሰደ፤ ሰዎቹ ያለ እግር ቆሙ። ድምፅ ሁሉ ለስላሳ ሆነ። ኳሷ ስትነጥር ሩቅ ቤት ውስጥ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል።

ከዚያ ውስጥ ጃንጥላ ወጣ።

ጃንጥላ ብቻ። ቀጥሎ ከሥሩ ነጭ ጥምጥም። ቀጥሎ ነጭ ጋቢ። ቀስ እያሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ወደ ሜዳው። እንዴት ያምራል! እኔም ቆምኩና በልቤ መጻፍ ጀመርኩ። «ጉሙ ሜዳውን እንደ ነጠላ…» አይ። «ጉሙ እንደ ወተት…» አይ፣ ይሄን ሁሉም ይለዋል። «ጉሙ…»

በዚህ መሃል እታገኝ ከመክሊት እጅ ኳሷን ነጠቀቻት!

ሮጠች። ብቻዋን። ከፊቷ ማንም የለም። ቅርጫቱ አለ፣ ኳሷ አለች፣ እሷ አለች። ገባ ማለት ነው። አለቀ!

ግን ከቅርጫቱ ሥር መምሬ ደርሰዋል።

እታገኝ ቆመች።

ኳሷን በግራ ብብቷ ሥር አደረገች። ጎንበስ አለች። «ይፍቱኝ፣ አባ።» መምሬም ምንም እንዳልተፈጠረ መስቀሉን አውጥተው ግንባሯን፣ ከንፈሯን። መስቀሉን ለመሳለም ስትጠጋ አንድ እግሯ ከኋላው መስመር ወጣ።

እኔ የነቃሁት ያኔ ነው። እግሩን አየሁ። መስመሩን አየሁ። መጽሐፉን አየሁ!

ጲጲጲጲጲጲጲ!

«አውት! የደብረ ብርሃን ኳስ!»

ጣቴ ተዘርግቶ ቀረ። የአንኮበሩ መምህር ሰዓታቸውን አቆሙ። ስድስት ሰከንድ ይቀራል። መክሊት ዘለለች፣ የኛዎቹ ተቃቀፉ።

ሌላው ሰው ግን ወደ መምሬ ዞረ።

መምሬ ፊሽካው ለሳቸው የተነፋ መስሏቸው ሜዳው ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጃንጥላቸውን አጠፉ። አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አንኮበር እኮ ገደል ሞልቷታል፤ ዛሬ አንዱም አልጠቀመኝም።

መልስ ልሰጥ ፈለግኩ፤ አፌ ውስጥ ፊሽካ አለ። ከማውጣት ይልቅ እጄን አወራጨሁ። አውት፣ ኳስ፣ ወደዚያ። መምሬም እጄን ሲያዩ እኔም መሳለም የፈለግኩ መሰላቸው። መጡ። መስቀሉን ዘረጉልኝ።

እምቢ ይባላል?

ጎንበስ አልኩ። ከነ ፊሽካዬ። ስተነፍስ፣ መስቀሉ አጠገብ፦

ጲጵ።

የሳቁን ነገር ተዉት። የሳቀው ሰው ብቻ ሳይሆን ተራራውም ይመስለኛል። መምሬ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩና አልቻሉም፤ «እሱም ተሳለመ» አሉ።

ቲቸር ግርማ እያነከሱ መሃል ሜዳ ደረሱ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሶሊ፣ ምን አየሽ?»

«እግሯ ከመስመር ወጥቷል፣ ቲቸር። ሕጉ ደግሞ…»

«ሕጉን አውቀዋለሁ። ምን አየሽ ነው ያልኩሽ።»

እኔ ከመመለሴ በፊት እታገኝ ተናገረች። ኳሷን ለመክሊት እየሰጠቻት።

«ትክክል ናት፣ ቲቸር። እግሬ ወጥቷል።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። የተቆጣች ብትሆን ይሻለኝ ነበር። «ግን ይሄ መንገድ ከሜዳው በፊት የነበረ ነው። እዚህ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ሁላችንም እንቆማለን፣ ከዚያ ከቆምንበት እንቀጥላለን። አንቺም የምታቆሚው መስሎኝ ነው።»

ጓዶቼ፣ ኑዛዜው አሁን ነው። እስካሁን ያነበባችሁት ማሟሻ ነው።

ሁላችሁም «ሶሊ ሕግ አጠበቀች» ልትሉ ነው። ቢሆን ጥሩ ነበር! ሕግ አጥባቂ መባል እኮ ክብር አለው። ግን ሦስት ጊዜ ያነበብኩት መጽሐፍ ሌላም ነገር ይላል፤ ተጫዋች ያልሆነ ሰው ሜዳ ውስጥ ሲገባ ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል። እኔ መምሬን አይቻቸዋለሁ። ከጃንጥላቸው ጀምሮ! እታገኝ ኳሷን ሳትነጥቅ በፊት! ያኔ ጲ ብል ኖሮ ማንም ምንም አይሆንም ነበር።

ያልነፋሁት ስለራራሁ አይደለም። የነፋሁትም ሕግ ስለማከብር አይደለም። ፈዝዤ ነበር። ለጉም ቃል እየመረጥኩ ነበር! ስነቃ ደግሞ መጀመሪያ ያገኘሁትን ሕግ ይዤ ተደበቅኩበት።

ይሄን ማን ያውቃል? እኔ ብቻ። ዝም ብል ጨዋታው ያልቃል። ደብረ ብርሃን ታሸንፋለች። እታገኝ ራሷ ትክክል ነሽ ብላኛለች። ፊሽካው የኔ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ!

ፊሽካውን ከአፌ አወጣሁት።

«ቲቸር፣ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ» አልኩ። «ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር።»

«ምን?»

«ጉሙን።»

ቲቸር ግርማ ዞረው ጉሙን አዩት።

«ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ወስኚ።»

ወሰንኩ። የአንኮበር ኳስ፣ እታገኝ ከቆመችበት አጠገብ፣ ስድስት ሰከንድ።

«ምን?!» መክሊት ኳሷን ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። «ሶሊ፣ አንቺ የማን ነሽ? ስንመጣ አብረን አይደለም የመጣነው?»

«ኳሱን ስጪ፣ መኪ።»

«ራሷ እግሬ ወጥቷል እያለች!»

«ኳሱን ስጪያት።»

ሰጠቻት። ሰጠቻት ስል፣ ወረወረችባት።

መምሬም ጃንጥላቸውን ከፍተው «እኔስ ልሂድ ወይስ ገና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ይለፉ አባ» አልኳቸው፤ በእጅ ምልክት፣ በመጽሐፉ በሌለ ምልክት። አለፉ፣ ግን አልሄዱም። ዳር ከቆሙት ጋር ቆመው መጨረሻውን ሊያዩ ቀሩ።

እታገኝ ኳሷን ተቀበለች። መክሊት ከፊቷ ተዘረጋች። አንድ፣ ሁለት፣ በግራ ዞራ፣ ዘለለች። አሁን ዓይኔን አልጨፈንኩም። ምንም ቃል አልመረጥኩም። እጇን አየሁ፣ የመክሊትን እጅ አየሁ፣ እግሮቹን አየሁ። ንጹህ ነበር። አልነፋሁም።

ገባ።

አንኮበር በአንድ ነጥብ አሸነፈች። ሰዉ እታገኝን ተሸከመ። እኛን የተሸከመን ሚኒባሷ ብቻ ናት።

የመልሱን መንገድ ላውራላችሁ? ቆሎ ከኋላ ወንበር ተነሳ። እጅ ለእጅ እየተላለፈ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ በላዬ ላይ በአየር አለፈ። እኔ እንደ መስኮት ነበርኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቲቸር ግርማ ከፊት ወንበር ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። ፊሽካውን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። በመሃረባቸው ጠረጉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«እውነቱን መናገርሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ስሚ። ሕግ ማጥበቅም፣ ማላላትም ለሚያይ ሰው ነው። ያላየ ሰው ሁለቱንም አይችልም። ሰኞ ጠመኔሽን ያዢ። ጨዋታ ሙሉ ዓይንሽን ሳትነቅዪ ስትጽፊልኝ ያኔ እንነጋገራለን።»

«እሺ ቲቸር።»

አለቀሰች ብላችሁ ኮሜንት እንዳትጽፉ። ትንሽ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ አንድ እጅ ከኋላ በትከሻዬ በኩል መጣ። እፍኝ ቆሎ ይዟል። የመክሊት እጅ ነው።

«ብዪ» አለችኝ። «ይቅር ብዬሽ አይደለም። ሆድሽ ሲጮህ ፊሽካ መስሎኝ ነው።»

በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

አሁን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ይሄን በስልኬ እየጻፍኩ ነው። ልናደድ ይገባኛል፣ አይደል? ፊሽካዬ ተወስዷል፣ ቡድናችን በኔ ምክንያት ተሸንፏል፣ አንድ ሙሉ ወረዳ ቄስ ላይ የነፋችው ልጅ ብሎ ያውቀኛል። እኔ ግን ዝም ብዬ እየሳቅኩ ነው። የጉሙን ቃል እስካሁን አላገኘሁትም፤ ፍለጋው ግን እንዴት ደስ ይላል!

እና አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የምታውቁ መልሱልኝ። ፈዛዛ ዳኛ ፊሽካዋን ትነጠቃለች፤ እሺ፣ ገባኝ። ፈዛዛ ጸሐፊስ ምን ትነጠቃለች?

ስልኳን እንዳትሉ ብቻ። እማዬ በሩን ከፍታ እያየችኝ ነው።